አሳ ሻጮቹና የባሕር ማዶው ሕግ

ጡረታ የወጡት ወይዘሮ ዘይነብ፣ ባሕር ዳር ሹም አቦ በሚገኘው ቤታቸው፣ ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ለሚማሩ ተከራዮቻቸው ያጫወቱት፤ እንደ ተናገሩት የተጻፈ።

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ እኔ የመንግሥት ሥራ ስጀምር ማለቴ ነው፣ ትእዛዝ ከየት እንደሚመጣ ግልጥ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር፣ ከክፍለ ሀገር ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ እኛ ይወርዳል። አለቃ «ተብሏል» ካለ አለቀ። ማን አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛም ለባለጉዳዩ «ተብሏል!» እንላለን፣ ባለጉዳዩም ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ «ተብሏል» ይላል፣ እና አለቀ፣ ሁሉም በሰላም ያድራል።

ታዲያ ኋላ፣ እኔ እያረጀሁ ስሄድ፣ ነገሩ ተለወጠ። ትእዛዙ ከአዲስ አበባም አልፎ ከባሕር ማዶ መምጣት ጀመረ። ዛሬ ሌላ አገር የተጀመረ ያሠራር ዘዴ ነገ እኛ ቢሮ ነው። አንድ ጊዜ ካይዘን ነው፣ ከጃፓን የመጣ ነው ብለው ጠረጴዛችንን ሁሉ አዞሩት። ስንት ዘመን ግድግዳ ሳይ የኖርሁትን ሴትዮ በአንድ ጧት ፊቴን ወደ ባለጉዳይ አዞሩኝ! ሳቂ፣ ሳቂ፣ እውነቴን ነው። መጀመሪያ አፈርሁ። ኋላ ግን ወደድሁት። ባለጉዳይም ዓይን ዓይኑን ሲያዩት ድምፁ ዝቅ ይላል፣ እኛም ዓይን ዓይናችንን ሲያየን «ነገ ና» ማለት ይከብደናል። እና ከውጭ የመጣ ሁሉ ክፉ ነው ለሚለኝ ሰው ጆሮ የለኝም። ከውጭ የመጣ ሁሉ ጥሩ ነው ለሚለኝም የለኝም። ለምን እንደሆነ አጫውታችኋለሁ፣ ቁጭ በሉ።

ያን ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱ የገበያ ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። አለቃችን አቶ መስፍን ይባላል። ልጅ እግር ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ የሚወጣ ፈጣን ሰው። ክፉ አልነበረም። ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ፣ ምክንያቱም አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ ክፉ ሊመስላችሁ ነው።

ታዲያ የሐይቁን ዳር የማስዋብ ሥራ መጣ። ገንዘቡን የባሕር ማዶ ድርጅት ይሰጣል፣ ከተማው ያሠራል። የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ዘንባባ። ስዕሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አሳየን። ያምራል፣ ወላሂ ያምራል። ውሻ ይዘው የሚንሸራሸሩ ሰዎች ሁሉ ተስለውበታል፣ ባሕር ዳር ውስጥ ውሻ በገመድ ይዞ የሚንሸራሸር ሰው አይታችኋል? እኔ ግን ጣቴን በስዕሉ ላይ እያስኬድሁ የአሳ ተራውን ፈለግሁት። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።

«አቶ መስፍን፣ የአሳ ተራው የት ሄደ?» አልሁት።

«ይነሣል እትዬ ዘይነብ። ወደ አዴት መውጫ ቦታ ተዘጋጅቶላቸዋል። ዘመናዊ መጠለያ ነው፣ ቆርቆሮው ራሱ የማይዝግ ነው።»

«ሐይቁስ?»

«ሐይቁ ምን ሆነ?»

«ሐይቁም አብሯቸው ይሄዳል ወይ ማለቴ ነው።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የአሳ ተራውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ታንኳውና ጀልባው ጧት እዚያው ዳር ይደርሳል፣ ሴቶቹ እዚያው ይቀበላሉ፣ እዚያው ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ እዚያው ይበልታሉ፣ ሆቴሎቹም እዚያው መጥተው ይገዛሉ። ያን አሳ በባጃጅ ጭነሽ በዚያ ፀሐይ ወደ አዴት መውጫ ብትወስጂው፣ ማን ይገዛሻል? ዝንብ ይገዛሽ እንደሆነ ነው።

«ውሳኔ ነው» አለኝ መስፍን። «እርስዎን ያከብራሉ፣ እርስዎ ይንገሯቸው።»

ሄድሁ። ምን ላድርግ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የአሳ ተራው አፍ ውቢት የምትባል ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን በዚያች በአሳ ቢላዋዋ ያሳደገች። እጇ እስከ ክርኗ ቅርፊት ለብሶ አንድ ትልቅ አምባዛ እየበለተች አገኘኋት። ነገርኋት። ቢላዋውን አስቀመጠችው። እሷ ቢላዋ ስታስቀምጥ ነው የሚያስፈራው።

«እትዬ ዘይነብ» አለችኝ፣ «አንቺ የእኛ ሹም ነሽ ወይስ የነሱ?»

«የመንግሥት ሹም ነኝ ውቢት።»

«ታዲያ መንግሥት የማን ነው?»

«እስኪ ላስብበት» ብያት ሄድሁ፣ ከኋላዬ ደግሞ ሴቶቹ «ሄደች፣ ልታስብበት ሄደች!» እያሉ ሲስቁብኝ ይሰማኛል።

ሰንበት ብሎ መስፍን ጠራን። ፊቱ ጭፍግግ ብሏል። «አንድ ነገር አለ» አለ። «ገንዘቡን የሚሰጡት ሰዎች ሕግ አላቸው። ከቦታው የሚነሡት ሰዎች አስቀድመው መጠየቅ አለባቸው። የሚጠይቅ ሰው እየላኩ ነው። ሰዎቹ ካልተስማሙ ሥራው አይጀመርም።»

«ታዲያ ጥሩ ሕግ ነው» አልሁ።

«ጥሩ ነው፣ ግን ጊዜ የለንም» አለ።

እስኪ ይህን ነገር አስቡት። የእኛው ከተማ፣ የእኛው ሐይቅ፣ የእኛው ሴቶች፣ እና «ጠይቋቸው» የሚለው ሕግ ከባሕር ማዶ መጣ! ደስ አለኝ፣ ደግሞም አፈርሁ። ሁለቱም ባንድ ላይ። እኛ ራሳችን ለምን አልጠየቅናቸውም?

ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሰው አዘጋጁ። ከየቀበሌው ስብሰባ የማይቀርባቸው፣ ማጨብጨብ የለመዱ ሰዎች አሉ አይደል? እነሱን ጠርተው «እናንተ የአሳ ሻጮች ናችሁ» አሏቸው። ይህን ስሰማ ቀጥ ብዬ መስፍን ቢሮ ገባሁ። በሩንም ዘጋሁት።

«አቶ መስፍን፣ ሰውየው ከጠየቀኝ አልዋሽም» አልሁት።

«ማንም እርስዎን አይጠይቅዎትም። ዝም ብለው ይቀመጡ።»

«ልጄ፣ ስማኝ» አልሁት። አንተ ብዬው አላውቅም ነበር፣ አለቃዬ ነዋ። «አንተ ስማኝ። ገመናችንን ለባዕድ አሳልፌ አልሰጥም። ሄጄ ጆሮው ሥር አላንሾካሽክም፣ እንደዚያ አላደግሁም። ከጠየቀኝ ግን እውነቱን ነው የምናገር። ስለዚህ ሰውየው ሳይመጣ አንተው አስተካክለው።»

ብድግ አለ። «ይህ ገንዘብ በእርስዎ ምክንያት ቢቀር፣ ልማቱን ማን እንዳደናቀፈ ይጠየቃል። ጡረታዎ ደርሷል፣ በሰላም ቢወጡ አይሻልም?»

ማስፈራራቱ ነው። ገባኝ። እና ልዋሻችሁ አልችልም፣ ፈራሁ። ባሌ ሞቷል፣ ልጆቼ ገና ተማሪዎች ናቸው፣ ያቺ ጡረታ ናት ያለችኝ። ግን ደግሞ አንድ ነገር ወስኜ ስጨርስ ፍርሃቱ ራሱ ይሰለቸኛል፣ ተፈጥሮዬ ነው። «ደህና ዋል» ብዬው ወጣሁ።

ሰውየው መጣ። እኛ ነጭ ፈረንጅ ስንጠብቅ ጠይም፣ ቀጭን፣ ፂሙ የሸበተ ሰው ከመኪና ወረደ። ራህማን ይባላል፣ ባንግላዴሽ ከሚባል አገር ነው። ሻሼን አየና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አሰላሙ ዓለይኩም» አለኝ። እኔም «ወዓለይኩሙ ሰላም» አልሁት፣ ልቤ ሞቅ አለ፣ የወረታ ዘመዴ የመጣ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ግን የምንነጋገርበት ቋንቋ የለንም። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ የእኔም እንግሊዝኛ «ጉድ ሞርኒንግ» ላይ ያልቃል። አስተርጓሚው ማን ሆነ? ራሱ መስፍን!

አዳራሹ ሞልቷል። ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ተደርድረዋል። አንዱ ኮት የለበሰ ሰውዬ ተነሣና ጉሮሮውን ጠርጎ «እኛ የባሕር ዳር ከተማ የአሳ ነጋዴዎች፣ የተያዘውን ልማት በላቀ ደስታና በከፍተኛ ተነሣሽነት ተቀብለን፣ ወደተዘጋጀልን ዘመናዊ ቦታ በገዛ ፈቃዳችን...» እያለ ሄደ። ጭብጨባ። ሌላው ተነሣ፣ ያንኑ አለ። ጭብጨባ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ራህማን ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ አይጽፍም። ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ሲሆን ምን ይጽፋል?

ከዚያ ዞር አለና ወደ እኔ እያየ ለመስፍን አንድ ነገር ተናገረ። መስፍን ክው አለ።

«እትዬ ዘይነብ» አለኝ መስፍን፣ ድምፁ ቀጥኖ። «የገበያው ኃላፊ እርስዎ ስለሆኑ፣ እነዚህን ሰዎች ያውቋቸዋል ወይ ይላል።»

አያችሁ፣ ጥያቄውን ራሱ መስፍን አመጣልኝ። መልሴንም የሚወስደው ራሱ መስፍን ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን። ዓይኑ «እባክዎ» ይላል። ባልደረቦቼ ሁሉ ያዩኛል። በባዕድ ፊት መንግሥቴን ላዋርድ ነው? ወይስ ውቢትን ልካድ? ቢስሚላህ አልሁና፣

«አላውቃቸውም» አልሁ። «የእኔ አሳ ሻጮች ሐይቁ ዳር ናቸው።»

እንግዲህ መስፍን ያሻውን ብሎ ቢተረጉም ማን ያውቅበታል? «በደንብ አውቃቸዋለሁ ትላለች» ቢል አለቀ። ግንባሩ ላይ ላቡ ሲንቆረቆር አያለሁ። ኮት የለበሰው ሰውዬ ሳል ሳለ። ከዚያ መስፍን ራሱን ዝቅ አድርጎ ጥቂት ቃል ተናገረ፣ እና የራህማን ፊት ሲለወጥ አየሁ። እውነቱን ነገረው ማለት ነው! ያን ጊዜ ነው ያ ልጅ ልቤ ውስጥ የገባ። እኔማ ልጅ ወልጄ፣ ዕድሜ ጠግቤ ነው የተናገርሁ፣ እሱ ግን ገና ሥራውን መጀመሩ ነበር።

«ኋላስ እማማ? ተናደደ ሰውየው?» ትያለሽ አንቺ ሄለን። አልተናደደም። ብድግ ብሎ በሩን አሳየኝ፣ «እንሂድ» ማለቱ ነው። ሁላችንም ተከትለን ሐይቁ ዳር ሄድን፣ ኮት የለበሰውም ጭምር። ውቢት ያን ሁሉ መኪና ስታይ ሊያነሷት የመጡ መስሏት ቢላዋዋን ይዛ ተነሣች።

«ኑ!» አለች። «ኑ፣ እኔን አስቀድሙ! እዚህ ነው ቆሮሶ ስበልት የኖርሁ፣ እዚህ ነው ልጆቼን ያስተማርሁ፣ መብራት ብታበሩ ደስ ይለኛል፣ መንገድ ብትሠሩ እሄድበታለሁ፣ ግን እኔን ወደ አዴት ልካችሁ የእኔን ውሃ ለሚንሸራሸር ሰው ትሰጣላችሁ? እሱ ውሃውን ያያል፣ እኔ እኮ እበላበታለሁ! ተናገር አንተ፣ ተርጉምለት፣ እንዳትቀንስ!»

መስፍን ተረጎመ። አልቀነሰም። እንዲያውም ከእሷ የበለጠ ረዘመ። ራህማን አሁን ጻፈ። ያለፋቸውን ሴቶች ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ በአንድ ጠየቀ፣ እኛን ራቅ እንድንል ነግሮን፣ አለቃ አጠገባቸው ሳይቆም።

ታዲያ ሰውየው ሄደ፣ ገንዘቡም ቆመ። አሁን መከራው መጣ። ሥራ እንገባለን ብለው የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፣ «አሮጊቷ አስቀረችብን» አሉ። ቢሮ ስገባ ሰላምታ የሚነፍገኝ በዛ። መስፍንን ከላይ ጠርተው ወቀሱት፣ እኔንም ከገበያ ክፍል አንሥተው ሥራ የሌለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። አንዱ ባልደረባዬማ ፊት ለፊት «አገርሽን በባዕድ ፊት አዋረድሽ» አለኝ። «እኔ ነኝ ያዋረድኋት ወይስ ያጨበጨቡት?» አልሁት። ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ፣ አልደብቃችሁም።

ኋላ፣ ክረምቱ አልፎ፣ ራህማን ተመለሰ። ስዕሉም ተመለሰ፣ አሁን የአሳ ተራው አለበት! መንገዱ ዳር፣ ጣራ ያለው፣ ውሃ የሚወርድበት፣ የሚታጠብ ድንጋይ የተነጠፈበት። ሴቶቹ እልል አሉ። መስፍን «እትዬ ዘይነብ ካልመጡ አልጀምርም» ብሎ እኔንም አስጠራኝ። ሁሉም ሊያልቅ ነው ስንል ራህማን አንድ ነገር ጨመረ፦ ቦታ የሚሰጠው በየቀኑ ለሚቀመጡት ብቻ ነው አለ።

«የዘጌዎቹስ?» አልሁ። ከማዶ በጀልባ የሚመጡ ሴቶች አሉ፣ በገበያ ቀን ብቻ የሚሸጡ፣ ከእናቶቻቸው ጀምሮ እዚያ ዳር የኖሩ።

«የዋናው መሥሪያ ቤት ሕግ ነው ይላል» አለኝ መስፍን። «በየቀኑ የማይቀመጥ ነጋዴ አይቆጠርም።»

እህ! «ተብሏል» ተመልሶ መጣ በሉኛ፣ በአውሮፕላን! ያ የወደድሁት ሕግ አሁን ደግሞ እኔን መልሶ መታኝ። ያን ሕግ የጻፈ ሰው ጣና ላይ ማዕበል ሲነሣ ጀልባ በየቀኑ እንደማይሻገር ምን ብሎ ይወቅ? ቀና ብዬ ራህማንን አየሁት፣ ደግ ፊት ነው፣ ግን እጁን ዘርግቶ «ምን ላድርግ» ይላል። እኛ ባለጉዳይ ስንመልስ የምናደርገውን!

ታዲያ ያን ጊዜ መስፍን ተነሣ። እንግሊዝኛ ነው የተናገረው፣ እኔ አንድ ቃል አልገባኝም፣ ግን ሰው ሲቆም ያስታውቃል። እጁን ወደ ሐይቁ እየዘረጋ፣ ወደ ሴቶቹ እየዘረጋ፣ ስዕሉን አንሥቶ ጠቅልሎ ራህማን ፊት አስቀመጠው። ራህማን ስልኩን ይዞ ወጣ፣ ለአለቆቹ ሊነግር።

«ምን አልኸው?» አልሁት።

«እነሱም የእኛ ዜጎች ናቸው አልኩት። የከተማው አስተዳደር እኛ ነን፣ ያለነሱ አንፈርምም አልኩት። ሴቶቹን ጠይቁ ያላችሁን እናንተ ናችሁ፣ አሁን እኛንም ጠይቁን አልኩት።»

«ገንዘቡ ቢቀርስ?»

«ይቀራላ!» አለ።

አልቀረም፣ አልሐምዱሊላህ። ብዙ ቀጠሮ፣ ብዙ ስልክ፣ በመጨረሻ ራህማን እየሳቀ መጣ፣ ከተራው ጫፍ ለጀልባዎቹ ሴቶች የሚሆን ቦታ ተጨመረ። ዛሬም ሄዳችሁ እዩ፣ በገበያ ቀን ጢም ብሎ ይሞላል። እኔንም ወደ ቦታዬ መለሱኝ፣ ከዚያው ጡረታ ወጣሁ። ስሰናበት ውቢት አሳ ተሸክማ ቢሮ ድረስ መጣች፣ ዘበኛው «አሳ ወደ ቢሮ አይገባም» ቢላት «ለእኛ ሹም ነው!» ብላ ገፍታው ገባች። «ለእኛ ሹም» አለች፣ ሰማችሁ? ከዚያ የበለጠ ሽልማት አልፈልግም።

እና ልጆቼ፣ አሁን ዓለም ተገናኝቷል፣ የማንም ሕግ የማንም ቤት ይገባል፣ አይመለስም፣ ማልቀስም አያስፈልግም። እኔ የማውቀው ይህን ነው፦ የውጭው ሕግ በር ይከፍትልሻል እንጂ ገብቶ አይቀመጥልሽም። ገብቶ የሚቀመጥልሽ የራስሽ ሹም ነው፣ ሹም ከሆነ። ካልሆነ ያው አዳራሽ ሙሉ ጭብጨባ ነው።

መስፍን? መስፍንማ አሁን ራሱ ባሕር ማዶ ነው! እንደዚያ ያለ ድርጅት ቀጥሮት በሰው አገር እየዞረ ሰው የሚጠይቅ ሆኗል። ባለፈው ለዒድ ደወለልኝ። «እትዬ ዘይነብ፣ አንድ የወደብ ከተማ ነኝ፣ ገበያ ሊያነሡ ነው» አለኝ። «አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስበው ጠበቁኝ። ሁሉም ያጨበጭባል።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

«ጥግ ላይ ዝም ብለው የተቀመጡ እናት አየሁ፣ የገበያው ሹም ናቸው አሉኝ። እሳቸውን ጠየቅኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«ገና አልመለሱልኝም። አለቃቸውን አለቃቸውን ያያሉ።»

«እንግዲያው አለቃውን ሻይ ጋብዘህ ወደ ውጭ አስወጣልኛ!» አልሁት። እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን እንዳልን ስልኩ ተቋረጠ፣ አስወጥቶት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

«እና እማማ፣ መልሰው አይደውሉለትም?» አለች ሄለን።

«እደውላለሁ እንጂ! ቁጥሩ ረዝሞብኝ ነው። ነይ፣ ነይ እስኪ አንቺ ምቺልኝ።»